በቤት ውስጥ የመብራት ቀለምን ከስሜት ጋር የማስማማት አሠራር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መኖሪያ ቤት ሳሎን ሲጠናቀቅ የመብራት ሥራውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ጣሪያው ባለ ሁለት እርከን ጂፕሰም ስለነበር በእርከኑ ውስጥ በሪሞት ቀለሙ የሚቀያየር የኤልኢዲ ስትሪፕ ዘረጋሁና፣ ባለቤቱ በጠየቁት መሠረት ሐምራዊና ሰማያዊ ላይ አድርጌ አስረከብኩ። በርክክቡ ዕለት ያልወደደው ሰው አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ ለመቀየር ስመለስ ግን ቤተሰቡ ረከቦቱን በረንዳ ላይ አውጥቶ ብርድ እየመታው ቡና ሲጠጣ አገኘሁት። የባለቤቱ እናት «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ስቀመጥ ሆዴ ይባባል፤ የልጆቼም ፊት የታመመ ሰው ፊት ይመስለኛል» አሉኝ። ገብቼ በእሳቸው ቦታ ተቀመጥኩ። ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ጠቁሮ ይታያል፤ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ከንፈር ደም የሌለው ይመስላል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የተጠየቅሁትን ቀለም ሠራሁ እንጂ በዚያ ክፍል ውስጥ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን ቅደም ተከተል ቤታቸውን ራሳቸው ለሚያስተካክሉም ሆነ ባለሙያ ቀጥረው ለሚያሠሩ ሰዎች እንዲጠቅም እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ ያለበት

የብርሃን ቀለም ስሜታችንን የሚነካው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መንገድ የሰውነት ሰዓት ነው። በዓይናችን ጀርባ ከሚገኙት የማየት ሕዋሳት ሌላ ሜላኖፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር የያዙ፣ በራሳቸው ለብርሃን ምላሽ የሚሰጡ ሕዋሳት እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ተረጋግጧል። እነዚህ ሕዋሳት በይበልጥ የሚነቁት የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ በሆነው ሰማያዊ ብርሃን ሲሆን፣ ሲነቁም ለአንጎል «ገና ቀን ነው» የሚል መልእክት ያስተላልፋሉ፤ በዚህም ምክንያት ሌሊት መግባቱን ለሰውነት የሚያበስረው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይዘገያል። እንቅልፉ በየቀኑ የሚዘገይበት ሰው ጠዋት ተነጫናጭ ቢሆን አያስደንቅም። ሁለተኛው መንገድ ብርሃኑ የሰውን ፊት፣ ምግቡንና ዕቃውን የሚያሳይበት ሁኔታ ነው፤ ፊቱ የገረጣ ሰው አጠገብ ተቀምጦ መደሰት ያስቸግራል። ሦስተኛው ትዝታ ነው። በጧፍ፣ በፋኖስና በምድጃ እሳት ዙሪያ ያደገ ሰው ቢጫማ ብርሃን ሲያይ ልቡ ያርፋል፤ ረዥሙ ነጭ ፍሎረሰንት ቢሮንና ክሊኒክን ያስታውሰዋል፤ በር ላይ የተንጠለጠለ ቀይ አምፖል ደግሞ ለብዙዎቻችን የመጠጥ ቤት ምልክት ነው። ይህን ትዝታ ማንም ሻጭ በካርቶን ላይ ጽፎ አይሰጥዎትም፤ ቤተሰቡን በመጠየቅ ብቻ ይታወቃል።

እያንዳንዱ ቀለም በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት ስሜት ይፈጥራል የሚለውን አባባል ግን በጥንቃቄ እንዲመለከቱት እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሲያትል በሚገኝ የባሕር ኃይል ማረሚያ ቤት አንድ ክፍል ደማቅ ሮዝ ቀለም ተቀብቶ እስረኞችን ያረጋጋል ተብሎ ነበር፤ ወሬው በብዙ አገር ተሰምቶ ሌሎች እስር ቤቶችም ተከትለውት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊዘርላንድ ታራሚዎች ላይ በጥንቃቄ የተደረገ ሙከራ የተባለውን ውጤት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1994 ቫልዴዝና መህራቢያን የተባሉ ተመራማሪዎች በቀለም ናሙናዎች ያደረጉት ጥናትም ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ ብሩህነቱና ድምቀቱ ስሜትን በይበልጥ እንደሚነካ አሳይቷል። ስለዚህ «ምን ቀለም ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በቅደም ተከተሉ ወደ መጨረሻ የሚመጣ ነው።

ደረጃ 1፦ የክፍሉን ምሽት መመዝገብ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ሁለት ምሽት በክፍሉ ውስጥ የሚደረገውን በሰዓቱ ይጻፉ። ለምሳሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ልጆች የቤት ሥራ ይሠራሉ፤ 2 ሰዓት ላይ ዜና ይታያል፣ እራት ይቀርባል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ጨዋታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚቀመጥና ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ አብረው ያስፍሩ። በቤቱ ውስጥ አረጋዊ ካሉ ለይተው ይጻፏቸው፤ በዕድሜ የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነና እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ለንባብ ከወጣቱ የበለጠ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል፤ በቀጥታ ዓይን ውስጥ የሚገባ ብርሃን ደግሞ ከወጣቱ ይልቅ ያስቸግራቸዋል።

ደረጃ 2፦ ነጩን ብርሃን በትክክል መምረጥ

ባለቀለም መብራት ከመግዛትዎ በፊት ዋናውን አምፖል ያስተካክሉ፤ ከስሜት ጋር የተያያዘው ቅሬታ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነውና። በአምፖሉ ካርቶን ላይ ኬልቪን የሚባል ቁጥር አለ። የጧፍና የሻማ ነበልባል ወደ 1,900 ኬልቪን ይጠጋል፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል 2,700 ገደማ ነው፤ በሱቅ «ዋርም» ወይም በአጭሩ «ቢጫው» የሚባለው ከ2,700 እስከ 3,000፣ መካከለኛው ነጭ 4,000፣ «ዴይላይት» የሚባለው ደግሞ 6,500 ኬልቪን ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል እንጂ የበለጠ ያበራል ማለት አይደለም።

በአገራችን ቆጣቢ አምፖል ከተስፋፋበት ከ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ጀምሮ በየቤቱ የገባው በአብዛኛው ነጩ ዓይነት ነው። ሻጩ «ነጩን ነው ቢጫውን?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ሰው ነጩ ደምቆ ስለሚታየው ያንኑ ይወስዳል። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት 2,700 ወይም 3,000፣ ለወጥ ቤትና ለጥናት ጠረጴዛ 4,000 ቢሆን ይመረጣል፤ 6,500ውን ለመጋዘንና ለሥራ ቦታ ይተውት። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ብርሃን ያህል ስለሚሰጥ፣ ቢጫውን በመምረጥዎ ቤቱ ይጨልማል ብለው አይስጉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ግማሹን ቢጫ ግማሹን ነጭ አድርጎ ማቀላቀል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንዱ ጉንጭ ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ የሚታይበትን ፊት ዓይን ሳያውቀው ይሸሸዋል። የአንድ ክፍል አምፖሎችን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዓይነት ካርቶን ይግዙ።

ደረጃ 3፦ የበርበሬ ሙከራ

ኬልቪኑ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት አምፖሎች ዕቃን በተለያየ መልክ ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህን የሚለካው ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ የፀሐይ ብርሃን 100 ተብሎ ይያዛል፤ የተለመደው አምፖል 80 ገደማ ነው፤ 90 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ከተገኘ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ለሳሎንና ለመመገቢያ ክፍል ይግዙት። ቁጥሩ ካልተጻፈ ወይም ካላመኑት በወጥ ቤትዎ ባለ ነገር መፈተን ይችላሉ።

በነጭ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ በርበሬ፣ የተቆረጠ ቲማቲም፣ አንድ ቃሪያና ቁራሽ እንጀራ ያድርጉ። ቀን በመስኮት አጠገብ በደንብ ይመልከቱት፤ መዳፍዎንም ከሳህኑ አጠገብ ዘርግተው የቆዳዎን መልክ ያስተውሉ። ማታ ያንኑ ሳህን በሚፈትኑት አምፖል ሥር ያኑሩት። በጥሩ አምፖል ሥር በርበሬው እንደ ቀኑ ቀልቶ ይታያል፤ በደካማው ሥር ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ በሰማያዊ ስትሪፕ ሥር ደግሞ በርበሬው የሚያንጸባርቀው ቀይ ብርሃን ስለማያገኝ ከሰል ይመስላል። መዳፍዎ አመድማ ሆኖ ከታየዎት የእንግዶችዎም ፊት እንዲሁ እንደሚታይ ይወቁ። እኔ ይህን ሳህን ሳላሳይ ለደንበኛ መብራት መምረጥ ትቻለሁ።

በዚያው ምሽት የሞባይል ካሜራዎን ከፍተው ወደ አምፖሉ ያስጠጉት። በስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ሲንቀሳቀሱ ካዩ አምፖሉ ዓይን በማይለየው ፍጥነት ይርገበገባል ማለት ነው። የመስመራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዑደት ስላለው ደካማ ሥሪት ያለው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደበዝዛል፣ ይደምቃልም፤ ይህም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ራስ ምታትና መሰላቸት ያስከትላል። እንዲህ ያለውን አምፖል ለደረጃና ለመተላለፊያ ያውሉት።

ደረጃ 4፦ ድምቀቱንና ከፍታውን ማስተካከል

እ.ኤ.አ. በ2022 የተለያዩ አገሮች የእንቅልፍና የብርሃን ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ምክር፣ የብርሃኑን ሰማያዊ ድርሻ ከግምት በሚያስገባው መለኪያ ዓይን ላይ የሚደርሰው ብርሃን ቀን ቢያንስ 250 ሉክስ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ከ10 ያልበለጠ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ ከ1 ያልበለጠ እንዲሆን ይመክራሉ። መለኪያ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግዎትም። በአሠራር ሲተረጎም፣ 4 ሰዓት ላይ የሚተኛ ቤተሰብ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ብርሃኑን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይኖርበታል ማለት ነው። ልጆች በሚያጠኑበት ጠረጴዛ ላይ የተለየ መብራት ያድርጉና የጣሪያውን ቀንሱት፤ ከእራት በኋላም የጣሪያውን አጥፍተው ከተቀመጠ ሰው ዓይን ዝቅ ብሎ በማዕዘን የቆመ ባለ ጨርቅ ሽፋን መብራት ያብሩ። ከታችና ከጎን የሚመጣ ቢጫ ብርሃን የምድጃ እሳትን ስለሚመስል ሰዎች ሳይነገራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጫወቱ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ድምቀት መቀነሻ የሚያስገቡ ከሆነ አምፖሉ ከዚያ ጋር እንዲሠራ የተሠራ መሆኑን ካርቶኑ ላይ ያረጋግጡ፤ አለዚያ ይርገበገባል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ክሩይትሆፍ የተባለ የኔዘርላንድ ፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1941 ደብዛዛ የሆነ ሰማያዊ ነጭ ብርሃን ለሰው የቀዘቀዘና የጨፈገገ እንደሚመስለው ጽፎ ነበር። የኋላ ሙከራዎች የእርሱን ሐሳብ በሙሉ አላጸደቁትም፤ ሆኖም እናትየዋ «ሆዴ ይባባል» ያሉበት ክፍል በትክክል እንዲህ ያለ ነበር። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምባቸው በባትሪ የሚሠሩ መብራቶችም በአብዛኛው ነጭ ስለሆኑ፣ ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀምጧቸው።

ደረጃ 5፦ ቀለም መጨመር

እዚህ ላይ ደርሰው ክፍሉ በቢጫው ብርሃን ብቻ ካስደሰተዎት ቀለም መጨመር ግዴታ አይደለም። የሚጨምሩ ከሆነ መሠረታዊው ሕግ ቀለሙ ግድግዳና ጣሪያ ላይ እንጂ ፊትና ማዕድ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ስትሪፑን ከሶፋ ጀርባ፣ ከቴሌቪዥን ኋላ ወይም በጂፕሰሙ እርከን ውስጥ ይደብቁት፤ ከመቀመጫ ላይ ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ የሚታዩ ከሆነ ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉት። በሰዎች ላይ የሚወርደው ብርሃን ሁልጊዜ ጥሩ ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን። ስትሪፑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ደባልቆ የሚሠራው ነጭ ለዚህ አይበቃም፤ ነጭ ይመስላል እንጂ በርበሬውን ያጎድፈዋል።

ከቀለሞቹ መካከል ለቤት በጣም የሚስማማው ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ያለው ነው፤ የምሽትን እንቅልፍ ብዙም አይጋፋም፣ የቆዳችንንም መልክ ያሞቃል። ቀይ በሜላቶኒን ላይ ያለው ተጽዕኖ ከሁሉም ያነሰ ቢሆንም፣ ሲጠነክር ከንፈርና ቆዳ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ ፊት ገጽታውን ያጣል፤ በሥጋ ቤት የሥጋውን መልክ የሚያሳምረው ይኸው ቀይ መብራት በሳሎን ውስጥ ለብዙዎች ደስ የማይል ትዝታ ይቀሰቅሳል። አረንጓዴ በአትክልት ቅጠል ላይ ከጓሮ ሲበራ ያምራል፤ በሰው ላይ ግን አይሞከር። ሰማያዊን በተመለከተ፣ የዓይናችን ሌንስ ይህን ብርሃን እንደ ሌላው ጥርት አድርጎ ማሳረፍ ስለማይችል የነገሮች ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ሐምራዊ ደግሞ ቀይና ሰማያዊን በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ ዓይን ሁለቱን እኩል ለማየት ይደክማል። ሁለቱም ለአንድ ሰዓት ጭፈራ ጥሩ ናቸው፤ ለሦስት ሰዓት ወግ አይሆኑም። የትኛውንም ቀለም ቢመርጡ በሪሞቱ ላይ ድምቀቱን ወደ ሩብ ያውርዱት፤ ገርጣ ያለው ይምረጡ። ቡና ቤት ወይም ምግብ ቤት የሚያዘጋጁም ሰዎች ይህንኑ ይከተሉ፤ ፎቶ የሚነሱበትን ግድግዳ እንደፈለጉ ማድመቅ ይችላሉ፣ ጠረጴዛውን ግን ቀለም አይንካው።

ዕቃው ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት በዝርዝር ልናገር። በሜትር 60 ኤልኢዲ ያለው ባለ 12 ቮልቱ የተለመደው ደማቅ ስትሪፕ በሜትር 14.4 ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ 5 ሜትሩ 72 ዋት፣ ማለትም 6 አምፔር ይፈልጋል። በ2 ወይም በ3 አምፔር አዳፕተር ሲያያዝ አዳፕተሩ ይግላል፣ በሽፋን ከታፈነም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ 8 አምፔር ያለውን ይግዙ፤ አየር በሚያገኝበት ቦታም ያኑሩት። ስትሪፑን መቁረጥ የሚቻለው የመቀስ ምልክት ባለበት የመዳብ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ከመግጠምዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ፤ የ220 ቮልቱን መስመር የሚያገናኝልዎትም ባለሙያ ይሁን።

በሪሞቱ ላይ «ፍላሽ» እና «ስትሮብ» የሚሉ አዝራሮች አሉ። እነዚህን በቀላሉ እንዳይመለከቷቸው አጥብቄ እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን አንድ የቴሌቪዥን ካርቱን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ እያፈራረቀ ሲያበራ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ሐኪም ቤት ገብተዋል። በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። በቤትዎ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ካለ አዝራሮቹን በፕላስተር ይሸፍኗቸው።

ደረጃ 6፦ የሌሊት መብራት

ሌሊት ለሚነሳ አረጋዊ ወይም ለምታጠባ እናት ከወለል አጠገብ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ከ1 ዋት ያልበለጠ ብርቱካናማ ወይም ቀይ መብራት ያድርጉ፤ መንገድ ያሳያል፣ እንቅልፍ ግን አያባርርም። ለሕፃናት ክፍል በጨረቃና በኮከብ ቅርጽ ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ ሰማያዊ ስለሆኑ ቢጫውን ፈልገው ይግዙ። ቆዳቸው ቢጫ የሆነ አራስ ሕፃናት በሆስፒታል በሰማያዊ ብርሃን ሥር የሚተኙት ለስሜት አይደለም፤ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው ብርሃን በቆዳቸው ውስጥ የተጠራቀመውን ቢሊሩቢን ለማስወገድ ስለሚረዳ ነው፤ ዓይናቸውም ተሸፍኖ በባለሙያ ክትትል ይደረግላቸዋል። የጌጥ ስትሪፕ ይህን ሥራ አይሠራምና ሕፃኑን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ እንዳይዘገይ።

ደረጃ 7፦ ጠዋቱን አለመርሳት

ምሽቱን ያስተካከለ ሰው ጠዋት መጋረጃውን ዘግቶ ቢቀመጥ ግማሹን ድካም ያጣዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች፤ የክረምት ደመና ያለበት ሰማይ እንኳ ውጭ 10,000 ሉክስ ያህል ሊሰጥ ሲችል የቤት ውስጥ መብራት ከ300 እምብዛም አያልፍም። ቡናዎን በመስኮት አጠገብ ወይም ደጅ ይጠጡ።

በስቶክሆልምና በኦስሎ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን በታኅሣሥ የሚያገኙት የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ በሲያትልና በሚኒያፖሊስም ከ9 ሰዓት አይሞላም። በየዓመቱ በዚያ ወቅት ሐዘን፣ ከመጠን ያለፈ እንቅልፍና የሥራ ፍላጎት ማጣት የሚመላለስበት ሰው ስንፍና እንዳይመስለው፤ ሮዘንታል የተባለ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ወቅታዊ የስሜት መታወክ የሚል ስም ሰጥተው የገለጹት ሕመም ነው። የተለመደው ሕክምና ባለቀለም ሳይሆን 10,000 ሉክስ የሚሰጥ፣ አልትራቫዮሌቱ የተጣራለት ነጭ የብርሃን ሰሌዳ ሲሆን፣ በመመሪያው ላይ በተጻፈው ርቀት፣ በማለዳ ለ30 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊቱ ይቀመጡበታል እንጂ አያፈጡበትም። የዓይን ሕመም ያለበት፣ ወይም ስሜቱ ከከባድ ሐዘን ወደ ከፍተኛ ደስታና ቁጣ የሚገለባበጥ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ደረጃ 8፦ አንድ ሳምንት መሞከርና ማጽናት

ያስተካከሉትን ለሰባት ቀን ሳይነኩ ይተዉት፤ የመጀመሪያው ምሽት አዲስነት ያታልላል። በሰባተኛው ቀን በደረጃ 1 የጻፉትን ወረቀት አውጥተው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ልጆች የሚተኙበት ሰዓት ፈጥኖ እንደሆነ ያስተያዩ። ሰው የሚሸሸው ወንበር ካለ ከእርሱ በላይ ያለውን መብራት ይመርምሩ።

በመግቢያው ያነሳሁትን ቤት በዚሁ መንገድ መልሼ ሠራሁት። የጣሪያውን አምፖሎች በ2,700 ኬልቪን ቀየርኩ፤ በማዕዘኑ አንድ ዝቅተኛ መብራት አቆምኩ፤ ስትሪፑን ብርቱካናማ አድርጌ ወደ ሩብ ድምቀት አወረድኩት። ሐምራዊውን ግን አላነሳሁትም፤ ልጆቹ ለልደታቸው ይፈልጉታልና። ከሪሞቱ ጀርባ ትንሽ ወረቀት ለጥፌ «ላይኛው ማታ ማታ፣ ታችኛው ለልደት» ብዬ ጻፍኩበት። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ላይኛውን ራሳቸው ተጭነው ቄጠማውን ጎንበስ ብለው አዩና፣ ረከቦቱን ከበረንዳው እንዲያስገባላቸው ልጁን ላኩት።